ጋሼ ሞዴል ይስቁ ነበር?

"አባዬ ቢሮ ይስቅ ነበር እንዴ?"

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ነኝ። እጄ ላይ ንፍሮ ይዣለሁ። የጠየቀችኝ የሟች ትልቋ ልጅ ናት። ስልኳን ወደ እኔ አዙራ የመሥሪያ ቤታችንን የፌስቡክ ገጽ ታሳየኛለች። የሐዘን መግለጫው ነው። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሟል፤ "ፈገግታ ከፊታቸው የማይለይ" የሚለው ላይ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ከዛ ወዲህ ወራት አልፈዋል። በመሃል ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እና ስለ ሕዝብ ግንኙነት ሥራ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ሰርተፍኬቱም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አሠልጣኙ "ሥራችሁን ይቀማችኋል ወይስ ያግዛችኋል?" ሲል አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። እኔ ዝም አልኩ። ያቺ ልጅ ከነጣቷ ፊቴ ላይ ተደቅናብኝ ነበር።

ሞዴል 20

ስማቸውን አልጠራም። ለነገሩ እኛም ብዙ አንጠራውም ነበር። እሳቸው በሌሉበት "ጋሼ ሞዴል" ነበር የምንላቸው። የስቶር ኃላፊ ነበሩ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ ሞዴል 20፣ ተሞልቶ፣ ፊርማው ተሟልቶ ካልቀረበ ከዛ ስቶር አንዲት እስክሪብቶ አትወጣም። የበላይ ኃላፊ ደውሎ ቢለምን አትወጣም።

አንዴ ጋዜጠኞች አዳራሽ ቁጭ ብለው መግለጫ እየጠበቁ ቶነር አለቀብኝ። በሩጫ ወረድኩ። ጋሼ ሞዴል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወረቀቴን አገላብጠው አዩት። "አንቺ ልጅ፣ የፈቃጁ ፊርማ የታለ?" አሉኝ። ፈቃጁ ስብሰባ ላይ ነው፣ ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ነገ አስፈርሜ አመጣለሁ። ምንም አልመለሱልኝም። ወረቀቱን በሁለት ጣት ገፋ አድርገው መለሱልኝና ወደ መዝገባቸው ዞሩ። የዛን ቀን መግለጫ የደበዘዘ ቅጂ ነበር፤ የሥራ ኃላፊያችን ስም እንኳ በደንብ አይነበብም።

ሰባት ዓመት አንድ ሕንጻ ውስጥ ሠርተናል። በሰባት ዓመት ውስጥ ጥርሳቸውን አላየሁም።

ሐሙስ ሌሊት አረፉ። ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ አለቃዬ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። "የሐዘን መግለጫ፣ አሁኑኑ። ሰርቪሱ ለቀብር ሳይወጣ ገጻችን ላይ ይውጣ።" የሰው ሀብት ክፍል ከግል ማኅደራቸው ላይ አንድ ገጽ ኮፒ ሰጠኝ። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቅጥር ዘመን፣ የሥራ መደብ፣ የልጆች ብዛት። በቃ።

አማርኛው ልክ ነበር

ኤአዩን ከፈትኩ። ያን ሰሞን ደብዳቤም፣ ዜናም፣ የስብሰባ ንግግርም በእሱ ነበር የምጀምረው። አላፍርበትም። ያቺን አንድ ገጽ አስገብቼ "የሐዘን መግለጫ ጻፍልኝ" አልኩት።

የመጀመሪያው ረቂቅ ያስቃል። "ለደረሰባችሁ ኪሳራ ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን" ይላል። ኪሳራ! የእህል በረንዳ ነጋዴ የሞተ ይመስል። ሰውየውን "እሳቸው" ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ "እሱ" አደረጋቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ሕይወቱን ለማክበር አብረን እንቁም" አለ። ቀብር ልንሄድ ነው እንጂ ልደት ልናከብር ነው እንዴ? ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዛ በሳቄ አፈርኩ።

እንደገና አዘዝኩት። በኢትዮጵያ ወግ፣ በአንቱታ፣ እንዲህና እንዲያ አድርገህ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። እያንዳንዱ ከፊተኛው የተሻለ ነው። ሦስተኛውን ወስጄ እጄን አስገባሁበት። የቀረውን "ኪሳራ" አወጣሁ፣ "ፈጣሪ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑር" የሚለውን ጨመርኩ፣ ለቤተሰባቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ተመኘሁ። ፎቶ አስገባሁ፤ ያው የመታወቂያ ፎቶ፣ ግንባራቸው የተቋጠረ። አለቃዬ አየት አድርጎ "ቆንጆ ነው" አለ። ለጠፍነው። የፈጀው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ድሮ ግማሽ ቀን ነበር።

አሁን ቆም ብዬ የማስበው እዚህ ጋ ነው። ያን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። በትክክል፣ በጥንቃቄ አርሜዋለሁ። ግን ያረምኩት ምኑን ነው? አማርኛውን። "ኪሳራ" ዓይኔን ወጋኝ፣ አወጣሁት። "እሱ" ጆሮዬን ቆረቆረኝ፣ አስተካከልኩት። "ፈገግታ ከፊታቸው የማይለይ" የሚለው ግን ምንም አላለኝም። ሰባት ዓመት ያላየሁት ፈገግታ! እንደ ውሃ አለፈ። ለምን? አማርኛው ልክ ነበራ።

እዚች ላይ ብዙ አሰብኩ። ማሽኑ አማርኛ ሲሰባብር ጠባቂያችን እሱ ራሱ ነበር ማለት ነው። ስለማናምነው እያንዳንዱን ቃል እናየው ነበር። አማርኛው እየተስተካከለ ሲመጣ የእኛ ዓይን ደግሞ እየተዘጋ መጣ። ሰው ሁሉ "ኤአይ አማርኛ ሲችል ምን ይውጠን ይሆን?" ይላል። እኔ የምፈራው ሲችል መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያነብ ሰው እንዳይጠፋ ነው። ጠፍቶስ እንደሆነ? ከልጥፉ ሥር ያለውን አስተያየት በኋላ አንድ በአንድ አየሁት። "ነፍስ ይማር" ያለው አብዛኛው የእኛው ሕንጻ ሰው ነው። እሳቸው ፊት ቆሞ የተቆጣ፣ ወረቀት የተመለሰበት፣ በእልህ ደረጃ የወጣ ሰው። "የማንን ፈገግታ ነው የምታወሩት?" ያለ አንድም የለም። በውስጥ መስመር እንኳ የጻፈልኝ የለም። ወይ አላነበቡትም፣ ወይ እንደ እኔ አንብበውት አልፈዋል።

ያነበበችው አንዲት ሰው ናት። ልጃቸው።

የቀረው ንግግር

"አዎ" ካልኳት በኋላ ያለችኝን እስካሁን አልጻፍኩም። እያመለጥኩት ነው።

ስልኳን ቀስ ብላ አጠፋችው። "ቤት ስቆ አያውቅም" አለችኝ። "ክፉ ሆኖ አይደለም። እኛ ተፈጥሮው ነው ብለን ነው ያደግነው።" ዝም አለች። ከዛ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረግ አድርጋ፣ "ሳቁን እዛ ጨርሶ ነበራ የሚመጣው" አለች።

ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ። አሁን ላርመው? "ይቅርታ እህቴ፣ እሱን የጻፈው ኮምፒውተር ነው፣ አባትሽ ቢሮም አይስቁም ነበር" ይባላል? በድንኳን፣ በሁለተኛው ቀን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አለቃዬ ከአጠገቤ "እንሂድ፣ ሰርቪሱ ሊወጣ ነው" አለ፣ እኔም እግዚአብሔር ያጽናሽ ብያት ወጣሁ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ውሸቱን ትንሽ አድርጌ ነበር የማየው። ማንን ይጎዳል? የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? ሟችን ማመስገን ወጋችን ነው። ግን ያቺ ልጅ በእኔ ልጥፍ ምክንያት አዲስ አባት አገኘች፤ ለባዕድ የሚስቅ፣ ለልጆቹ ግን ግንባሩን የሚቋጥር። እንዲህ ያለ ሰው አልነበሩም። ቢያንስ አድልዎ አልነበረባቸውም፣ ለሁላችንም እኩል ነበር የሚቋጠሩት።

ባቡሩ የወደቀበት

ከዛ በኋላ በየኢንተርኔቱ እንደኔ የሆነ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። አገኘሁም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሦስት ተማሪዎች ተገደሉ። በሌላ ግዛት ያለው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አንድ ጽሕፈት ቤት ለተማሪዎቹ የማጽናኛ ኢሜይል ላከ። ስለ መደጋገፍ፣ ስለ አብሮነት የሚያወራ፣ ለስላሳ ጽሑፍ ነው። መጨረሻው ላይ በትንሹ፣ ከቻትጂፒቲ የተወሰደ መሆኑ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ተቆጡ፣ ጽሕፈት ቤቱ በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቀ።

መጀመሪያ ሳነበው ለእነሱ አዘንኩ። ከዛ ቀናሁባቸው። እነሱ ቢያንስ ጽፈውታል። የእኔን በማሽን ማስጻፌን ያኔ የምናውቀው እኔና አለቃዬ ብቻ ነበርን፣ አሁን ደግሞ እናንተ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የሕዝብ ግንኙነት ታሪክ ስንማር አይቪ ሊ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ለፈተና ሸምድጄው የረሳሁት ሰው ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 1906፣ እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ አንድ ባቡር ድልድይ ላይ ሐዲድ ስቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። የፔንሲልቬንያ የባቡር ኩባንያ አማካሪ የነበረው ሊ፣ በዘመኑ እንደተለመደው ወሬውን ከማፈን ይልቅ የሆነውን ጽፎ ለጋዜጦች ሰጠ፤ ጋዜጠኞቹም አደጋው ቦታ ድረስ እንዲሄዱ አመቻቸ። ኒውዮርክ ታይምስ ጽሑፉን እንዳለ አተመው። ብዙዎች የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ የሚሉት እሱን ነው።

ለፈተና "የመጀመሪያው መግለጫ 1906" ብዬ ነበር የያዝኩት። አሁን የሚገርመኝ ግን መግለጫው ሳይሆን ጋዜጠኞቹ ባቡሩ ወደ ወደቀበት ቦታ እንዲሄዱ ማድረጉ ነው። ሙያው ሲወለድ ከወረቀቱ ጋር መንገዱም አብሮ ነበር።

ታሪኩ ግን እዛ አያበቃም፣ መምህራችንም ይሄኛውን በጨረፍታ ነው ያለፈው። እ.ኤ.አ. በ1914 ኮሎራዶ ውስጥ ሉድሎ በሚባል ቦታ አድማ የመቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች የሠፈሩበት ድንኳን ተቃጠለ፤ ሴቶችና ሕጻናት ሞቱ። ያው አይቪ ሊ አሁን ለማዕድኑ ባለቤቶች፣ ለሮክፌለሮቹ ይሠራል። በሚያሰራጫቸው ጽሑፎች የአድማውን መሪዎች ክፍያ እጅግ አጋንኖ አወጣ። በኋላ የምርመራ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ ኩባንያው የሰጠውን መረጃ ሳያጣራ እንዳወጣው አመነ። ያው ሰውዬ ነው። አንዴ ሰው ሄዶ እንዲያይ አደረገ፣ ሌላ ጊዜ የተሰጠውን ወረቀት አሳምሮ ጻፈ። በ1914 ኤአይ አልነበረም። እኔም ስለዚህ ማሽኑ ላይ ብዙ መጮህ አልችልም።

ማን አስተማረው?

እንደውም እውነቱን ልንገራችሁ። ከኤአይ በፊት ኮምፒውተሬ ላይ "ሐዘን የመጨረሻ" የሚል ፋይል ነበረኝ። ስም እየቀየርን የምንጠቀምበት ነው። "በሥራቸው ታታሪ፣ በጸባያቸው ምስጉን፣ ሰው አክባሪ።" ሹፌርም ሲሞት እሱ፣ ዳይሬክተርም ሲሞት እሱ። አንድ ጊዜ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የቀደመው ሟች ስም ሳይቀየር ቀርቶ ግማሽ ሰዓት ገጻችን ላይ ውሏል። ማሽኑ አማርኛ የተማረው እኛ ኢንተርኔት ላይ ካፈሰስነው ነው፣ እኛ ደግሞ ያፈሰስነው ይሄንኑ ነው። ዜና ጻፍ ስትለው "ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አሳሰቡ፣ ጥሪ አቀረቡ" እያለ ይሰድረዋል። ማን አስተማረው? "ከመቼውም ጊዜ በላይ" እና "ዘርፈ ብዙ" ከሰማይ አልወረዱለትም።

ልዩነት ግን አለ፣ ይሄ ነው ያቆሰለኝ። የእኛ ቴምፕሌት ውሸቱ የጅምላ ነበር። "ምስጉን ሠራተኛ" ሲባል ማንም ሰው ቃሉን ይዞ አይሄድም፣ የወግ እንደሆነ ያውቃል። ማሽኑ ግን ዝርዝር ይፈጥራል። ፈገግታ ይሰጥሃል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፣ ኩበቱ ግን እውነተኛ ይመስላል፣ ሰው ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ሳቀና "ኤአዩ ነው የተሳሳተው፣ አንቺ ምን አደረግሽ?" አለኝ። እንዲህ ዓይነት ክርክር ካናዳ ውስጥ ተሞክሯል። አንድ ሰው አያቱ ሞተችበትና የኤር ካናዳ አየር መንገድን ቻትቦት፣ ለደንበኛ በጽሑፍ የሚመልሰውን ማሽን፣ ስለ ሐዘን ጉዞ ቅናሽ ጠየቀው፤ ቲኬቱን ገዝተህ በኋላ ማመልከት ትችላለህ አለው። ሲያመለክት ደንቡ እንዲህ አይልም ተባለ። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለሰጠው መልስ ኃላፊነቱ የራሱ የቻትቦቱ ነው ለማለት ሞከረ። የግልግል ጉባኤው በፌብሩዋሪ 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ክፈል አለው። ይሄን ለአለቃዬ ስነግረው "እኛ ቲኬት አንሸጥም" አለኝ። ሰውዬው መጥፎ ሰው አይደለም። የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ስንት ዜና እንደሠራን እንጂ ስንት ሰው እንደጠየቅን የሚሞላበት ሳጥን የለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ አፓረንት የምትመጣልን ተማሪ ነገር ነው። ጎበዝ ናት፣ ፈጣን ናት። ባለፈው ከስምሪት ክፍል አንድ ዜና ሥሪ አልኳት፣ በሃያ ደቂቃ አመጣችልኝ። የሹፌሮቹ አስተባባሪ "ገልጸዋል"፣ "አሳስበዋል"። "አነጋገርሻቸው?" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔ ጀማሪ እያለሁ ያኔ የነበረው አለቃዬ ጽሑፌን እያየ "ሄደሽ ጠይቂያቸው" እያለ ሰባት ጊዜ ደረጃ ያወርደኝ ነበር። ያኔ የሚያሠቃየኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጽሑፉ ሰበብ ነበር። መጻፍ ስለማልችል ነበር የምጠይቀው። እሷ ግን ሳትጠይቅ መጻፍ ትችላለች፣ ታዲያ ለምን ትውረድ?

"ነይ" አልኳት። "የት?" አለች። "ስቶር።"

ስቶር

ስምሪትን ትቼ ለምን ስቶር እንዳልኳት እኔም አላወቅኩም። ጋሼ ሞዴል ካረፉ ወራት አልፎ ስለ እሳቸው ለመጠየቅ ስወርድ የመጀመሪያዬ ነበር። ረዳታቸው የነበረው ልጅ አሁን በቦታቸው ተቀምጧል። መነጽራቸው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቤተሰብ አልወሰደውም። "ለሪፖርት ነው?" አለን። አይደለም አልኩት። "ጋሼ ይስቁ ነበር ወይ?"

አስቦ፣ አስቦ፣ "በዓመት አንዴ" አለ።

የበጀት ዓመት ሲዘጋ የንብረት ቆጠራ አለ። ኮሚቴ ይመጣል፣ ወንበር፣ ጎማ፣ ቶነር፣ ላፒስ ሳይቀር ይቆጠራል። ጋሼ ሞዴል ያን ሰሞን እህል አይቀምሱም፣ አይናገሩም። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ሲገጥም፣ ሰብሳቢው "ልክ ነው" ብሎ ሲፈርም፣ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉና ይስቃሉ። በድምፅ አይደለም። ትከሻቸው ነው የሚስቀው። ከዛ በራሳቸው ገንዘብ ለኮሚቴው ለስላሳ ያስመጣሉ፣ ጠርሙሱንም ቆጥረው ይመልሳሉ።

"ጎድሎባቸው አያውቅም?" አለች አፓረንቷ። ሳልነግራት የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

"አንድ ዓመት አንዲት ስቴፕለር" አለ ልጁ። "ገዝተው ተኩ።"

የዛን ቀን ማታ ለልጃቸው ደወልኩላት። የስልክ ቁጥሯን ለቅሶው ላይ ሰጥታኝ ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፣ ያን ቀን እንደዋሸኋት ነገርኳት፣ መግለጫውን ማን እንደጻፈው ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዛ የቆጠራውን ነገርኳት፤ የትከሻቸውን፣ የለስላሳውን፣ የስቴፕለሯን።

ረጅም ዝምታ ሆነ። የዘጋችብኝ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

"ቤትም ማንኪያ ይቆጥር ነበር" አለች።